ሆርሞን የሚያመነጭ የፒቱታሪ ዕጢ (ቱመር) በልጆች ላይ እንዴት ይታወቃል?

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር ያለች፣ ሆርሞን የምታመነጭ፣ የአተር ፍሬ የምታክል አካል ናት። በልጆች ላይ እዚያ የሚወጣ ዕጢ ብርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር አይደለም። ጉዳቱ ሆርሞን ማብዛቱ ነው፤ ምልክቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣም «ወፈረ»፣ «ተመዘዘ» እየተባለ ዓመት ያልፋል።

1. ቁመት ለኩ። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው። ጫማ ይውለቅ፣ ሹሩባ ይፈታ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳ ይንኩ፤ ዓይን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ይመልከት። ሦስቴ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ሰው ወደ ማታ 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያጥር ሁልጊዜ ጠዋት ለኩ፤ በ6 ወሩ ድገሙ። ከ4 ዓመት እስከ ጉርምስና ልጅ በዓመት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል።

ክብደት እየጨመረ ቁመት ከቆመ ኮርቲሶል (ፒቱታሪ ስታዝ ከኩላሊት በላይ የሚመነጭ ሆርሞን) መብዛቱን ጠርጥሩ። በምግብ ብቻ የወፈረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ከፊት መክበብ ይልቅ የቁመቱን መቆም እመኑ። የስቴሮይድ ክኒን፣ ቅባት ወይም የሚሳብ መድኃኒትም ያንኑ መልክ ያመጣል፤ ለሐኪም ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

2. ኮርቲሶል ይመርመር። ጠዋት አንዴ የተቀዳ ደም ለዚህ አይረባም። የሚሻለው እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚወሰድ ምራቅ ወይም የ24 ሰዓት ሽንት ነው። የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የማግስቱ ጠዋት ጭምር፣ ይጠራቀማል። አንዴ ከተዘለለ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ያሳስታል፤ እንደገና መጀመር ነው።

3. ልጁ ከቤተሰቡ ቁመት ወጥቶ ከተመዘዘና ጫማው ቶሎ ቶሎ ከጠበበው አይጂኤፍ 1 (የእድገት ሆርሞን ሲበዛ በደም ውስጥ አብሮ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ይለካ። የእድገት ሆርሞን ራሱ በደም ውስጥ በየሰዓቱ ስለሚዋዥቅ አንድ ልኬት አያስተማምንም።

4. እስከ 15 ዓመት የወር አበባ ያላየች ወይም ጡቷ ወተት የሚያወጣ ልጅ ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርግ ሆርሞን) ትመርመር። ታይሮይድ፣ እርግዝናና የምትወስደው መድኃኒት አብረው ይታዩ፤ ያልታከመ የታይሮይድ ማነስ ፒቱታሪን አሳብጦ ዕጢ ያስመስላታል፣ ሲታከም ግን ትመለሳለች። ወንዶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዕጢው ገዝፎ ራስ ምታትና የእይታ ችግር ካመጣ በኋላ ነው።

5. እይታን ፈትሹ። አንድ ዓይን ሸፍናችሁ ጣት ከጎን አንቀሳቅሱ፤ ወደ ጆሮ ያለው ወገን ከጠፋ አትቆዩ። ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ከትውከት ወይም ከማየት መቀነስ ጋር ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱ።

6. ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የአንጎል ምስል) ከሆርሞን ምርመራ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ ከተነሣ ምንም የማያመጣ ነጠብጣብ አሳይቶ ያስደነግጣል። በሌላ በኩል ኮርቲሶል የሚያስበዛው ዕጢ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል «ንጹሕ ነው» የተባለ ምስል ከፍ ያለውን ውጤት አይሽረውም።