አባይ በረሃን ለምትወርድ ቪትዝ ፍሬን ስንገዛ

ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ ነው ፍሬኑ የላላብኝ። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ እየሄድኩ ነበር። መጀመሪያ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ሁለት ኩርባ እንዳለፍኩ ፍሬን ስረግጥ እግሬ ዝም ብሎ ወደ ታች ገባ። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ኤል፣ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ፣ አወረድኩ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆምኩ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከኋላዬ ቆሞ ወረደና ጎማዬ ስር ድንጋይ ታኮ አደረገልኝ። «እህቴ፣ አባይ ፍሬን ላይ ቆሞ አይወረድም፤ በማርሽ ነው የሚወረድ» አለኝ። ዲስኩ፣ ከፊት ጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ እስኪበርድ አንድ ሰዓት አብሮኝ ጠበቀ። ውሃ ላፍስበት ስል ከለከለኝ፤ የጋለ ዲስክ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ዕድሜው ገና አራት ወር ነበር። እንዲያውም ርካሽ ስለሆነ ደስ ብሎኝ የገዛሁት ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ መካኒኬ አራቱንም ጎማ ፈታ። የፊቱ ሸራ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል። የግራ የኋላ ታምቡር (የኋላውን ፍሬን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ውስጥ ያለው ትንሹ ሲሊንደር ዘይት አፍስሶ ሸራውን አርሶታል። «ልጄ፣ ይህቺ መኪና በፊት እግሮቿ ብቻ ነው ስትቆም የነበረው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለፍሬን ዕቃ ስገዛ ሦስቱን አንድ ላይ ነው የማስበው፦ ዘይቱን፣ የፊቱን እና የኋላውን።

መጀመሪያ የራሳችሁን መኪና እወቁ። ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም። የእኔ የመጀመሪያው ትውልድ ናት፣ ሞተሩ 1.0 ሊትር፣ የሻንሲ ቁጥሯ በኤስ ሲ ፒ 10 ይጀምራል። ከ2005 ወዲህ የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.0 ሊትሩ ኬ ኤስ ፒ 90 ነው። ሸራቸው አይገጥምም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። አሮጌውን ሸራ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሶማሌ ተራ ላይ «የቪትዝ አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የተገኘውን ይዞ ይመለሳል። አሮጌውን ባንኮኒ ላይ አስቀምጦ ከአዲሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ የሚያስተያይ ሰው ግን አይሳሳትም። የቶዮታ ኦርጅናል ከሆነ የፊት ሸራ ቁጥር በ04465 ይጀምራል፣ የኋላ የታምቡር ሸራ ደግሞ በ04495።

አሁን ዋናው ነገር፣ የፊቱ ሸራ። ሞተሩ ከፊት ስላለ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ይብሳል። ብዙውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ካርቶኑን አትመኑ፣ ካርቶን ይታተማል። ሸራውን አውጡና ጎኑን ወይም ጀርባውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከረጅም ኮድ መጨረሻ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ማለት የሰበቃ መጠኑ ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። እኔ ኤፍ ኤፍ ያለበትን ነው የምገዛው። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ፣ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። አባይ በረሃ ላይ የሚያስፈልገን ደግሞ ያ ሁለተኛው ፊደል ነው። ያ ርካሽ ሸራ ምንም ፊደል አልነበረበትም። ፊደል የሌለው ሸራ ለማንም አልመክርም።

ስለ ዓይነቱ፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትነዱ ሴራሚክ ጥሩ ነው። አይጮህም፣ ቸርኬውንም በጥቁር አቧራ አይሸፍንም። እንደ እኔ አባይን ወይም ጣርማበርን ለምትወርዱ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ሙቀት ይችላል። ትንሽ ሊጮህ ይችላል፣ ዲስክም ቶሎ ይበላል። እኔ ጩኸቱን መርጫለሁ። ከስም ደግሞ አድቪክስ፣ አኬቦኖ እና ኒሺንቦ በጃፓን መኪኖች ላይ ከፋብሪካ ጀምሮ የሚገጠሙ ናቸው። ስማቸው ስለሚሸጥ አስመስለው የሚሠሩም አሉ። ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም የሸራው ጠርዝ የተፈረፈረ ከሆነ መልሱት።

ዲስኩን ሳታዩ ሸራ አትቀይሩ። ዲስኩ ላይ «ሚን» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ተቀርጿል። በካሊበር፣ በውፍረት መለኪያ፣ ሲለካ ከዚያ ቁጥር ከቀጠነ ይጣላል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጨት የሚቻለው ተልጦም ከዚያ ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ብቻ ነው።

ዘይቱ በጣም የተናቀ ነው፣ እኔን ግን ሊገድለኝ የነበረው እሱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት የዘይቱ ደረጃ ነው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ልኩ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግሬ ወደ ታች የገባው በዚህ ነው። ዶት 4 የዶት 3 መኪና ላይ ያለ ችግር ይገባል፣ ዋጋውም ብዙ አይለይም። ዶት 5 ግን ሲልከን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ፣ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ። ሞተር ዘይት ጨርሶ እንዳይነካው፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል።

የኋላውን ታምቡር ማንም አይከፍተውም። አስከፍቱት። ሲሊንደሩ ካፈሰሰ ይቀየራል፣ ዘይት የነካው ሸራ በአሸዋ ወረቀት አይድንም። በአሮጌው ብረት ላይ ሸራ ማስለጠፍ ርካሽ ነው፣ ግን ሙጫው ሲግል ከለቀቀ ታምቡሩ ውስጥ ይቆለፋል። እኔ ሙሉውን ነው የምገዛው፣ ሁልጊዜም የግራና የቀኙን አንድ ላይ። ደግሞ አቧራውን በኮምፕረሰር አታስነፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በአጠገቡ የሚቆመው ረዳት ልጅ ነው የሚተነፍሰው። በውሃ ይታጠብ።

«ተለቅ ያለ ዲስክ ላስገጥም?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ መልሴ አታስገጥሙ ነው። ጎማው እስኪቆለፍ የሚይዝ ፍሬን ካላችሁ፣ ትልቁ ዲስክ አንድ ጊዜ ለመቆም የሚወስደውን ርቀት አያሳጥርም፤ እዚያ ላይ ወሳኙ ጎማ ነው። የሚጠቅመው ሙቀት ለመቻል ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በ13 ወይም በ14 ኢንች ቸርኬ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ገንዘቡ ካለ ጥሩ ጎማ ግዙበት።

ሲገጠም የካሊፐሩ ተንሸራታች ዘንጎች ጸድተው ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀቡ። ፔዳሉ እስኪጠነክር ሳትነዱ ደጋግማችሁ ርገጡ። ከዚያ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል ረጋ ብላችሁ ቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ በመካከሉ እየነዳችሁ እያበረዳችሁ። ቤት ስትደርሱ እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ ጠጋ አድርጉ፣ አትንኩት። አንዱ ብቻውን ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ያ ፍሬን ይዞ ቀርቷል። በማግስቱ ጠዋት ወደ መካኒኩ ተመለሱ።