ብርድ በጠፋበት ታኅሣሥ የግቢ ወፎችን እንዴት ማየት ይቻላል?

ዘንድሮ ጎንደር ላይ የታኅሣሥ ብርድ የት እንደገባ እንጃ። ጋቢው ከሳጥን አልወጣም፤ ወፎቹ ግን ግቢውን ሞልተውታል። ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ዝም ብሎ መቀመጥ ከቻላችሁ በቂ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ያዙ። ጨዋታው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ስትከር ጥላ ፍለጋ ይበታተናሉ።

ከዚያ ውኃ። በበጋ ከጥሬ ይልቅ ውኃ ይጠራቸዋል። እኔ መጀመሪያ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ለሁለት ሳምንት አንዲት ወፍ አልቀረበችም። ለካ እግራቸው ካልቆመ አይደፍሩም። ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ሳህን፣ መሐሉ ላይ አንድ ድንጋይ፤ አለቀ። በማግስቱ ድንቢጦች ወረዱ። ድመት ከሚያደፍጥበት ቁጥቋጦ አርቁት። ቢምቢ እንዳይፈለፈልበት ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ። ዳጉሳ ካላችሁ ጭብጥ የማይሞላ በተን አድርጉ፤ ከዚያ ከበዛ አይጥ ነው የምትቀልቡት።

አሁን ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ጀበናው እስኪፈላ ድረስ አትነሡ።

መጀመሪያ ቁንጮ ያላቸውን፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝመውን ግራጫማ ወፎች ፈልጉ። በቡድን ነው የሚመጡት። ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ፤ ልክ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እንደሚሞቁ ሽማግሌዎች። ምግባቸው ቅጠልና ፍሬ ስለሆነ ሙቀቱ ለመፍጨት ይረዳቸዋል። በዘንድሮው ሙቀት ግን ብዙም ሳይቆዩ የጎረቤት ዘይቶን ላይ ሲሠፍሩ አያለሁ።

ቀጥሎ ቡናማዎቹን አትናቁ። ለጠፋ ዘመድ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን አይደል? ወፉ ግን ብዙ ጊዜ የትም አልሄደም። ወንዱ የመስከረሙን ደማቅ ላባ ጥሎ፣ እንደ ሴቷ ቡናማ ለብሶ፣ ከከተማው ወጣ ባለ የታጨደ ማሳ ላይ ከመንጋው ጋር ይለቅማል። ለመለየት ያስቸግራል፤ እኔም እስካሁን እሳሳታለሁ።

ያያችሁትን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፉ። የሚቀጥለው ታኅሣሥ ብርድ ከሆነ ታነጻጽሩታላችሁ።

ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ፋሲል ግቢ ግቡ። አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያለባት እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም። ሰው በሩ ላይ ፎቶ ሲነሣ እናንተ ወደ ግንቡ ጫፍ ቀና በሉ።