ለመጀመሪያ ጊዜ ቦቶክስ ሲያስቡ፦ ከአርባ በኋላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ከፋርማሲ ባንኮኒ ኋላ ለምትውል ሴት ስለ ቦቶክስ፣ የፊት ሽብሽብ ስለሚያለዝበው መርፌ፣ መጠየቅ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ አርባን የተሻገሩ እናቶች ናቸው። አልፎ አልፎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለባለቤቴ ነው» የሚል አባወራ ይመጣል፤ እያወራ ግን በመደርደሪያው መስታወት የሚያየው የራሱን ግንባር ነው።

መርፌው እንግዳ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የዐይን መድኃኒት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ለተንሸዋረረ ዐይንና ያለፈቃዱ ለሚጨፈን የዐይን ሽፋን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ካናዳዊቷ የዐይን ሐኪም ዢን ካራዘርስ የዐይን ሽፋናቸው ለሚኮማተር ሕሙማን ስትሰጥ በቅንድባቸው መሃል ያለው ሽብሽብ አብሮ እየጠፋ መሄዱን አስተዋለች። ከቆዳ ሐኪሙ ባሏ ከአላስቴር ጋር ሆና በ1992 ግኝታቸውን አሳተሙ፤ በ2002 ደግሞ አሜሪካ ለውበት እንዲሰጥ ፈቀደች። ብዙ የተሞከረ መድኃኒት ነው። እኔ የማየው ጥፋት የሚጀምረው ከግዢው፣ ከአያያዙና ከችኮላው ነው፤ መርፌው ፊት ገና ሳይነካ።

ችግሩን ሳይለዩ መርፌውን መምረጥ

ቦቶክስ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው፦ ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዝበትን መልእክት ያግዳል። ጡንቻው ያርፋል፣ በላዩ ያለው ቆዳም መታጠፉን ይተዋል። ስለዚህ የሚጠቅመው ስንቆጣ፣ ስንስቅ፣ ስንገረም ለሚመጣ ሽብሽብ ነው። መስታወት ፊት ቆመው ግንባርዎን ይቋጥሩና ይልቀቁት። መስመሩ አብሮ ከጠፋ መርፌው ይደርስበታል። ፊትዎ አርፎም መስመሩ ካለ፣ መርፌው ያለዝበዋል እንጂ አይደመስሰውም።

የጎደጎደ ጉንጭ፣ ከአፍንጫ እስከ አፍ ጥግ የወረደ መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ የሚታሰበው ፊለር ነው፤ ጡንቻ አያሳርፍም፣ የጎደለ ቦታ ይሞላል። አደጋውም የራሱ ነው፤ ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊገድል፣ ዐይንም ሊያጠፋ ይችላል። ሁለቱን «የፊት መርፌ» እያለ በአንድ ስም የሚጠራ ቤት ካጋጠመዎት ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ።

እንዲያውም ባንኮኒዬ ጋ ከሚመጡት እናቶች የብዙዎቹ ቅሬታ መስመርም ጉድጓድም አይደለም፤ ማድያት ነው። ጠቆር ያለ ቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከፀሐይ ስለሚከልለው ዘግይቶ ነው የሚሸበሸበው፤ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታይበት በቀለም መዘበራረቅ ነው። ለዚያ ቦቶክስ ምንም አይፈይድም። የፀሐይ መከላከያና የቆዳ ሐኪም ምክር ይቀድማሉ፣ ዋጋቸውም ይቀላል። ለማቅላት እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። ፊቷን በእሱ ለዓመታት ስታሽ የኖረች ሴት ስለ መርፌ ከመጠየቋ በፊት ስለ ክሬሙ ለሐኪም ትናገር።

ግንባርን በሙሉ ማስወጋት

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው በተለይ በእኛ ዕድሜ ያለውን ሰው ነው። ከአርባ አምስት በኋላ የዐይን ሽፋን ቆዳ ይላላል፣ ቅንድብም ዝቅ ይላል። ይህን ለማካካስ የግንባር ጡንቻ፣ እኛ ሳይታወቀን፣ ቀኑን ሙሉ ቅንድባችንን ወደ ላይ እየሳበ ዐይናችንን ከፍቶ ያውላል። ግንባር ላይ የሚያስጠላን አግድም መስመር የዚያ ልፋት ምልክት ነው። ጡንቻውን በሙሉ ሲያስተኙት መስመሩ ይጠፋል፤ ቅንድቡም አብሮ ይወርዳል። ግንባሯ እንደ መስታወት የጠራ፣ ዐይኗ ግን እንቅልፍ ያጣች የሚመስል ሴት ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ለ3 ወር ያህል ያያት ሁሉ «ምነው፣ አሞሽ ነበር?» ይላታል።

ቤትዎ ሆነው ሊሞክሩት ይችላሉ። ዐይንዎን ጨፍነው ግንባርዎን ሙሉ በሙሉ ያሳርፉ። ጣትዎን ከቅንድብዎ በላይ፣ ሳይጫኑ፣ ያስቀምጡና ቀስ ብለው ዐይንዎን ይግለጡ። ቅንድቡ ጣትዎን ይዞ ወደ ላይ ከተነሳ ግንባርዎ ለዐይንዎ እየሠራ ነው። ይህን ለሐኪሙ ይንገሩት። ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም ሳይነግሩትም ያየዋል፤ «በቅንድብ መሃል ብቻ እንጀምር፣ ግንባሩን በጥቂቱ፣ ወይም ጭራሽ ባንነካውስ?» ይልዎታል። እንዲህ ሲልዎት መድኃኒት ሊቆጥብብዎት አይደለም። የጎደለው ከ2 ሳምንት በኋላ ይጨመራል፤ የበዛውን ግን መልሶ የሚያወጣ ማርከሻ የለም፤ ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ የዐይን ሽፋንን ወደሚያነሳው ጡንቻ ተሻግሮ አንዱ ዐይን ግማሽ ይከደናል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ እስከዚያው የሚረዳ የዐይን ጠብታ ሐኪም ሊያዝ ይችላል። ከእኛ ግን ያለ ማዘዣ ጠብታ ለመግዛት አይሞክሩ።

ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ብልቃጥ

አንዲት ደንበኛችን በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ውስጡ የቀለጠ የበረዶ ጄልና አንዲት ብልቃጥ አለ። የእህታቸው ልጅ ናት ከዱባይ በመንገደኛ የላከችላቸው። «ልጄ፣ ፍሪጃችሁ ውስጥ እስከ ሐሙስ አስቀምጪልኝ» አሉኝ፤ ቀጥለው ብልቃጧን ወደ ብርሃን አነሱና «ቆይ፣ ባዶ ነው እንዴ የላኩልኝ?» ብለው ደነገጡ።

«እትዬ፣ ባዶ አይደለም» አልኳቸው። ብዙዎቹ የቦቶክስ ዓይነቶች የሚመጡት በደረቅ መልክ ስለሆነ ከብልቃጡ ሥር የተለጠፈ ስስ ነጭ ነገር እንጂ ፈሳሽ አይታይም። ሐኪሙ ነው በኖርማል ሳላይን የሚበጠብጠው። ቦቶክስ በሚባለው ምርት ብልቃጥ ውስጥ አየር ስለሌለ መርፌው ሲገባ ሳላይኑን ራሱ ስቦ ይጠጣል፤ ካልሳበ ይጣላል እንጂ ለሰው አይሰጥም። እሳቸው የፈሩት ባዶነቱን ነበር፤ እኔን ያስፈራኝ መንገዱ ነው። ይህ ብልቃጥ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከዱባይ ሱቅ ወደ ሻንጣ፣ ከሻንጣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በጊቤ ቆላ በኩል ጅማ። በመሃል የትኛው ሰዓት ላይ ስንት ዲግሪ እንደነበር ማን ያውቃል?

ፍሪጃችን ውስጥ አላስቀመጥኩላቸውም፤ ቅር እንዳላቸው ሄዱ። የሞቀ መድኃኒት መልሶ ስለቀዘቀዘ አይድንም፤ ከደህናዎቹ መሃል ሲቀመጥ ግን ደህና ይመስላል። እኛ የፍሪጁን ቴርሞሜትር በየቀኑ አንብበን የምንመዘግበው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን እንዳትከፍቱ የምንባባለው ለዚህ ነው። ደግሞ መበላሸቱ ቀላሉ ነው፤ መስሎ የተሠራ ከሆነስ? እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ቁጥጥር ባለበት አገር፣ ሐሰተኛ ወይም አያያዙ የተበላሸ መርፌ የተወጉ ሴቶች ሆስፒታል እስከ መግባት ደርሰው የጤና ባለሥልጣናቱ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። መርፌውን የወሰዱት ፈቃድ ከሌላቸው ሰዎች ወይም ቤት ውስጥና ስፓ ውስጥ ነበር። መድኃኒቱን የሚያቀርበው የሚወጋዎት ሐኪም ይሁን፤ ታካሚ ይዞ አይሄድም።

የሚወጋውን እጅ አለመጠየቅ

ሹሩባ አሳምራ የምትሠራ ልጅ፣ ቅንድብ የምትቀነድብ ልጅ፣ ጎበዝ ብትሆንም የፊት ጡንቻ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልተማረችም። የቆዳ ሐኪም ወይም በዚህ የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጉ፤ የሙያ ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም። ምርመራውን ጅማ ላይ ካሉት የቆዳ ሐኪሞች መጀመር ይቻላል፤ እነሱ የት መሄድ እንዳለብዎ ይነግሩዎታል።

ሲደርሱ ብልቃጡ እርስዎ እያዩ ይከፈት። ስሙን፣ የምድብ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ስንት ዩኒት እንደሚወጉ ይጠይቁ። ለቅንድብ መሃል የተለመደው የቦቶክስ መጠን በ5 ነጥብ የሚከፋፈል 20 ዩኒት ነው። ዲስፖርት በሚባለው ተመሳሳይ ምርት ግን ለዚያው ቦታ 50 ዩኒት ይሰጣል፤ የሁለቱ ዩኒት እንደ ኪሎና ፓውንድ የተለያየ መለኪያ ነው። ጓደኛዎ «እኔ 50 ነው የተወጋሁት» ስላለች እርስዎ 20 ሲባሉ ተበደልኩ አይበሉ።

ሕመምን መደበቅ

ማያስቴኒያ ግራቪስ ወይም ሌላ ነርቭና ጡንቻን የሚያደክም ሕመም ካለብዎ መርፌው ለእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ ሳይናገሩ እንዳይጀምሩ። ሊወጉ ባሰቡበት ቦታ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ካለ ቀኑ ይተላለፋል። ጄንታማይሲን የመሰለ የአንቲባዮቲክ መርፌ ላይ ከሆኑም ይንገሩ፤ የቦቶክሱን ጉልበት ሊጨምረው ይችላል። ዲስፖርት ውስጥ የላም ወተት ፕሮቲን ሊኖር ስለሚችል ለወተት አለርጂ ያለበት ሰው አይወስደውም። (ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ሰው አለርጂ አለበት ማለት አይደለም፤ ይሄ ሁሌ ያምታታል።)

አስፒሪንና አይቡፕሮፌን የተወጋው ቦታ እንዲበልዝ ያደርጋሉ። ለራስ ምታት ብለው የሚውጡት ከሆነ ሐኪሙን ጠይቀው ቀደም ብለው ይተዉት። ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘልዎትን ግን ለፊት ብለው በራስዎ ሥልጣን እንዳያቋርጡ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በአርባዎቹ መጨረሻ የወር አበባ ሲዘበራረቅ ብዙ ሴት «አረጠሁ» ብላ ትደመድማለች። እርግዝናም በዚያ ዕድሜ ይመጣል፤ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ደግሞ ይህ መርፌ አይመከርም። ጥርጣሬ ካለ የሽንት ምርመራ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ለሰርግ ሳምንት መቅጠር

የልጅ ሰርግ ጥር ላይ ነው፤ እናት በሰርጉ ሳምንት ልትወጋ ትመጣለች። ውጤቱ መታየት የሚጀምረው ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ ነው፣ ሙሉ የሚሆነው በ2ኛው ሳምንት። በሰርጉ ዕለት የሚኖራት የበለዘ ቅንድብና ግማሽ መንገድ የደረሰ ውጤት ነው። ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። ለእኔ ቢተውልኝ የመጀመሪያውን ሙከራ ጭራሽ ለሰርግ አላደርገውም፤ ምንም ድግስ በሌለበት ወራት ተሞክሮ ፊት እንዴት እንደሚቀበለው ታይቶ፣ ለሰርጉ ሁለተኛው ይሆናል።

ከመርፌው በኋላ ያሉትን ሰዓታት ማቃለል

ሐኪሞች በአብዛኛው ለ4 ሰዓት ያህል አይጋደሙ፣ የተወጋውን ቦታ አይሹ፣ አይጫኑ ይላሉ። እዚህ ከተማ ይሄ ምክር ሳይብራራ ከተሰጠ ትርጉም የለውም። ለሱጁድ ግንባሩን ምድር የሚያስነካ ሰው ቀጠሮውን በሰላቱ ይለካ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከተወጋ ዙህር እስኪደርስ 4 ሰዓት ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን አስርም መግሪብም ተከታትለው ይመጣሉ። በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሞነ ሕማማት፣ ስግደት ላለበት ክርስቲያንም ነገሩ ያው ነው፤ ሳምንቱን ይለውጥ። ሻሽ ግንባር ላይ ጠበቅ ተደርጎ አይታሰር። ሹሩባ ከመወጋቱ በፊት ይሠራ። ወይባ ጢስ፣ ስቲምና የፊት ማሸት ለሌላ ቀን ይቆዩ።

አዲስ አበባ ሄደው ከተወጉ ወዲያው ወደ መናኸሪያ አይሩጡ። ግንባርን መስኮት ላይ ደግፎ እያንቀላፉ ወልቂጤን፣ ጊቤን፣ አሰንዳቦን ማለፍ የተባለውን ሁሉ ማፍረስ ነው። ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ ይሳፈሩ። ከመውጣትዎ በፊት ግን በ2ኛው ሳምንት ማን እንደሚያይዎት ይነጋገሩ፤ ፎቶ በቴሌግራም ልኮ መማከር ይበቃ እንደሆነ ወይም ተመልሰው መምጣት እንዳለብዎ። ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብና ቀን ያልያዘ ሰው ግማሽ ሕክምና ነው የገዛው።

በ3ኛው ቀን «ጨምሩልኝ» ማለት

በ3ኛው ቀን አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ሊል፣ አንዱ ጎን ቀድሞ ሊይዝ ይችላል። 14 ቀን ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማስተካከያ ጥቂት ነጥብ ነው። ሙሉው መርፌ 3 ወር ሳይሞላው አይደገምም፤ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ሰውነት ይለምደውና መድኃኒቱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል።

ቀላል ራስ ምታትና መበለዝ የሚጠበቁ ናቸው። መዋጥ ካስቸገረዎ፣ ድምፅዎ ከተለወጠ፣ ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ከታዩዎት፣ ሰውነትዎ ከዛለ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ግን መድኃኒቱ ከቦታው አልፎ ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታትም በሳምንታትም ውስጥ ሊመጣ ይችላል። የወጋዎት ሰው ስልክ እስኪያነሳ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀኑን፣ ስንት ዩኒት እንደሆነ ይንገሯቸው፤ የብልቃጡንም ፎቶ ያሳዩዋቸው።