በሐረጎ ቁልቁለት በበረዶና በጭጋግ ሞተር ሳይክል ስለማሽከርከር

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ግን ከ1,800 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ትላለች፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ይህን ልዩነት የሚወርደው በአብዛኛው በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው። ክረምት ላይ ደሴ በረዶ ሲጥልባት ኮምቦልቻ ደረቅ ልትሆን ስለምትችል፣ ከታች በቀላል ልብስ የተነሣ ሰው ዳገቱ መሐል ሳያስበው ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ቢሆንም እንኳ የዝናብ ልብስና ጓንት ከእጅዎ አይለዩ፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን መጥኖ መያዝ አይችልም።

ለአስፋልትም ለፒስታም የተሠሩ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ስለሚገጠምላቸው በየትኛውም መንገድ የሚይዙ ይመስላል። ጥርሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን የሚገባበት ስለሌለ መሬት የሚነካው ጫፉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አያያዙ ከተራ የአስፋልት ጎማ ያንሳል። ለጭቃ ብለው ንፋስ ቀንሰው ከሆነም ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት አምራቹ ባዘዘው ልክ ያስሞሉ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ሐረጎን በፎሌ፣ ማለትም ማርሹን ነፃ አድርገው፣ የሚወርዱ አሉ፤ እኔ ከዚህ የከፋ ልማድ አላውቅም። ሞተሩ ጎማውን መያዙ ይቀርና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ፍሬን ደግሞ ይግልና አቅሙን ያጣል። ኩርባው ሳይደርስ፣ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ፍጥነትዎን ቀንሰው ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ፍሪሲዮኑንም (ሞተሩን ከማርሹ የሚያለያየውን እጀታ) ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ በድንገት ከተለቀቀ የኋላው ጎማ ፍሬን የተያዘ ያህል ይንሸራተታል። ኩርባው ውስጥ ማርሽ መቀየርም ፍሬን መርገጥም አይገባም። የፊት ፍሬን ከኋላው ይልቅ የማቆም ኃይል ቢኖረውም፣ የፊት ጎማ ከቆለፈ መውደቅ አይቀርምና በሁለት ጣት ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ።

በረዶ ጥሎ ሲያባራ አስፋልቱ ላይ የቀረው ጠጠር ከጎማ ሥር እንደ ፈሰሰ ሽንብራ ይንከባለላል። ከባድ መኪኖች የሄዱበት ዱካ ቀድሞ ስለሚጸዳ እሱን ይዘው ይጓዙ፤ ነጭ የቀለም መስመርንና ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም የሚያሳይ የናፍጣ ጠብታን ይሽሹ። በረዶው መንገዱን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው ግን ከኩርባ ርቀው፣ ከአስፋልቱ ወጥተው ይጠብቁ። የብረት ሾህ ያለው ጎማ የሚፈለገው በረዶ ወራት በሚቆይበት አገር ነው፤ የእኛው ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል።

በጭጋግ ረጅሙ መብራት ተመልሶ ዓይን ስለሚያጭበረብር አጭሩን ያብሩ፤ በሚታይዎት ርቀት ውስጥ መቆም ከሚያስችልዎ ፍጥነትም አይለፉ። የከባድ መኪና ቀይ መብራት ተጠግቶ መከተል መንገድ የሚመራ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው በድንገት ቢቆም መሸሻ አይኖርዎትም።

የኋላ ፍሬንዎ ታምቡር (ከበሮ መሰል፣ ዝግ የሆነ ፍሬን) ከሆነ ጎርፍ ካቋረጡ በኋላ ውሃ ስለሚይዝ፣ በዝግታ እየሄዱ ደጋግመው በቀላሉ ረገጥ እያደረጉ ያድርቁት። ኮምቦልቻ ሲደርሱም ካቴናውን (የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት) ከጭቃው አጽድተው፣ ሳይዝግ በዚያው ዕለት ዘይት ይቀቡት።