ጃንጎ እምቢ ሲል ችግሩን እንዴት ማግኘት ይቻላል

የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ኮድ አይጽፍም። እሱም ላፕቶፑም ይግላሉ። ሥራው ማታ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ጃንጎ የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያውን የጀመሩ የሰፈር ልጆችም የሚደውሉልኝ ማታ ነው። «አቦ፣ ይሄ ጃንጎ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ተፋብኝ!» ይሉኛል። «መጨረሻው መስመር ምን ይላል?» ስላቸው ዝም። አላነበቡትማ።

እስካሁን እንዳየሁት ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያደክመው ኮዱ ራሱ አይደለም። ፕሮግራሙ ዕቃውን አንድ ቦታ ይፈልጋል፣ እኛ ሌላ ቦታ አስቀምጠነዋል። ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በእኛው ፊደል እጽፋለሁ፤ እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ጻፏቸው።

መጀመሪያ፦ ከታች ወደ ላይ አንብቡ

ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የምትጽፉበት መስኮት) ላይ የስህተቱ ስም ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከላዩ ያለው ሁሉ ኮዱ እዚያ እስኪደርስ ያለፈበት መንገድ ነው። «ሳይት ፓኬጅስ» የሚል ያለበት መስመር የጃንጎ የራሱ ፋይል ስለሆነ እለፉት። ወደ ላይ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታገኙት የራሳችሁ ፋይል ስምና የመስመር ቁጥር ነው የሚፈለገው። ብራውዘር ላይ የሚወጣው ቢጫ ገጽ ግን ተቃራኒ ነው፤ የስህተቱን ስም አናቱ ላይ ይጽፈዋል።

«ጃንጎ የሚባል ሞጁል የለም» ሲል

«ትናንት ጭኜዋለሁ እኮ!» ይባላል። እውነት ነው፣ ተጭኗል። ግን የት? አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን ሊኖር ይችላል። ዕቃውን ከዚራ ሰፈር አስቀምጦ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ እንደመፈለግ ነው።

መፍትሔው ለየፕሮጀክቱ የራሱን ቤት መሥራት ነው። የፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ቬንቭ ቬንቭ» በሉ። ቬንቭ የሚባል ፎልደር ይፈጠራል። ከዚያ አክቲቬት አድርጉት፤ ዊንዶውስ ላይ ማስነሻው ቬንቭ ውስጥ «ስክሪፕትስ» ፎልደር ውስጥ ነው፣ ሊኑክስ ላይ «ቢን» ውስጥ። ከተሳካ የቬንቭ ስም በቅንፍ ሆኖ ከመስመሩ ፊት ይታያል። አሁን «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ጃንጎ»። «ፓይተን ሰረዝ ኤም» የምለው በከንቱ አይደለም፤ ጃንጎው የሚጫነው ኮዳችሁን በሚያስነሳው በዚያው ፓይተን ላይ እንዲሆን ነው።

ተርሚናሉን ዘግታችሁ ስትከፍቱ እንደገና አክቲቬት ማድረግ አለባችሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚረሳው ይሄ ነው። ደግሞ የራሳችሁን ፋይል «ጃንጎ» ብላችሁ አትሰይሙ፤ ፓይተን ዋናውን ትቶ የእናንተን ይከፍታል።

ቴምፕሌቱ (የገጹ ንድፍ ፋይል) አልተገኘም ሲል

የፎልደሩን ስም እዩ። «ቴምፕሌትስ» ነው፣ መጨረሻው ላይ ኤስ አለው። ሌላው የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ፍላስክም እንዲሁ ነው የሚፈልገው። ጃንጎ ላይ ደግሞ አፑ (የፕሮጀክታችሁ ክፍል) ሴቲንግስ ፋይል ውስጥ «ኢንስቶልድ አፕስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። ቢጫው ገጽ ጃንጎ የትኞቹን ፎልደሮች እንደፈለገ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከእናንተ ፎልደር ጋር አስተያዩት፣ አለቀ።

«ቴብሉ የለም» ሲል

ሞዴል (የቴብሉን ቅርጽ የሚገልጽ ኮድ) ጽፋችሁ ዳታቤዙ አያውቀውም። «ሜክማይግሬሽንስ» ፕላኑን ይነድፋል፤ «ማይግሬት» ቤቱን ይሠራል። ፕላን ይዞ ቤት አለኝ አይባልም፤ ሁለቱንም «ፓይተን ማኔጅ ነጥብ ፓይ» ከሚለው ቀጥላችሁ እየጻፋችሁ በቅደም ተከተል አስኪዱ። ዳታ ባለበት ቴብል ላይ አዲስ ፊልድ ስትጨምሩ ጃንጎ 1 ወይም 2 ምረጡ ሊል ይችላል። ለነባሮቹ መዝገቦች በባዶው ቦታ ምን ልሙላ ማለቱ ነው። 1 ብላችሁ ዋጋ ስጡት፣ ወይም 2 ብላችሁ ውጡና ሞዴሉ ላይ አስተካክሉ።

ሲጨንቃችሁ የዳታቤዙን ፋይል አታጥፉ። እኔ አንድ ሌሊት በንዴት አጥፍቼው፣ ለአንድ ሱቅ ሳምንት ሙሉ የለቀምኩትን የዕቃ ዝርዝር አብሬ ቀበርኩት። ቢያንስ ኮፒ አድርጉ።

ፎርሙ 403 (ክልክል ነው) ሲል

ፎርሙ ውስጥ «ሲኤስአርኤፍ ቶክን» የሚለውን፣ ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን የቴምፕሌት መለያ አስገቡ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ስልክ ላይ አልከፍት ሲል

ራንሰርቨር (የጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር) ሲነሳ የሚሰማው የራሱን ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ 127.0.0.1 ላይ። ለጓደኛ ለማሳየት «ፓይተን ማኔጅ ነጥብ ፓይ ራንሰርቨር 0.0.0.0:8000» በሉ። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ። የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ሴቲንግስ ውስጥ «አላውድ ሆስትስ» ላይ ጨምሩ፣ ስልኩ ላይ ያንኑ አይፒ ከ8000 ጋር ጻፉ። አሁንም ዝም ካለ የዊንዶውስ ፋየርዎልን ጠርጥሩ።

ሰዓቱ ሲዛባ

ደንበኛ ጠዋት 4 ሰዓት ያዘዘው ዕቃ 7:00 ብሎ ይወጣል። የጃንጎ ፕሮጀክት ሲፈጠር ሴቲንግስ ውስጥ «ታይም ዞን» የሚለው ቦታ ላይ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ እኛ ደግሞ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በ«አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ቀይሩት። ያኔ 10:00 ይላል። ከዚያ ወደ 4 ሰዓት ለማምጣት 6 መቀነሱን ጃንጎ አያውቅላችሁም፤ ያንን መስመር ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።