ኬሚካል የማይበግረውን ጓይ ትል ከማሳ ወደ ማሳ እንዳይዛመት እንዴት መግታት ይቻላል?

ባለፈው ኅዳር ሚንጃር፣ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ሽምብራው እሸት ደርሷል። ፈልቀቅ ሲያደርጉት ግን ጎኑ ላይ ክብ ቀዳዳ፣ ውስጡ ባዶ። «ሦስት ዓይነት ኬሚካል ቀያየርኩ፤ ትሉ ወይ ፍንክች!» አሉኝ።

ጠርሙሶቹን አስመጥቼ አነበብኩ። አንዱ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሌላው ሳይፐርሜትሪን፣ ሦስተኛው ዴልታሜትሪን። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሦስቱም የትሉን ነርቭ የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው ትሉ ኬሚካሉን «ለመደው» ይላል። አንድ ትል በዕድሜው አይለምድም። ከብዙ ሺህ ትል መሃል መርዙን የሚያፈርስ ዘረመል ይዞ የተወለደ አይጠፋም። ስንረጭ ሌላው ያልቃል፣ እሱ ይተርፋል። አፈር ውስጥ ገብቶ ይተኛና የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል። አንዷ እናት በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ነፋስ ካገኘች ደግሞ ሩቅ ትበራለች፤ የሚንጃር ሽምብራ ላይ ያደገች ሌላ ወረዳ፣ ቀወት ሄዳ ቲማቲም ላይ ልትጥል ትችላለች።

ይኸው የእኛ ጓይ ትል በ2013 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል መግባቱ ታወቀ። እዚያ ካለ የቅርብ ዘመዱ ጋር ተዳቀለና መርዝ የሚያፈርሰውን ዘረመል አወረሰው። ዘረመሉ ከአንድ ዝርያ ወደ ሌላ ዝርያ ተሻገረ ማለት ነው። የማሳ ወሰንማ ምን ያግደዋል?

እንግዲህ መጀመሪያ ችግሩ የትሉ ይሁን የርጭቱ ይለዩ። ጓንት ያድርጉ። ኬሚካሉን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጠው የሽምብራ ቅጠል ይንከሩ፣ ጥላ ላይ ያድርቁ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሱ ትናንሽ ትሎች ይልቀሙ፤ ትልልቆቹ በደኅናውም ጊዜ ቶሎ አይሞቱም። አሥሩን በአሥር ኩባያ ለየብቻ ያስቀምጡ፣ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ። ሌላ አሥር ትል በውኃ ብቻ የተነከረ ቅጠል ይስጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ይቁጠሩ። በውኃው ያሉት ደኅና ሆነው ኬሚካል የቀመሱት ከሞቱ ጥፋቱ የመርጫው፣ የልኩ ወይም የሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ በሕይወት ካሉ ግን ያንን ኬሚካል ያቁሙ።

ቀጥሎ ቤተሰቡን ይቀይሩ። ስማቸው በ«ትሪን» የሚያልቅ ሁሉ ወንድማማች ነው። ጠርሙሱ ላይ የምድብ ቁጥር ካለ እሱን ይዩ፦ እነዚህ 3 ናቸው፣ ስፒኖሳድ 5፣ ኢማሜክቲን 6። ለሽምብራ የተፈቀደውን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። በሙቀት ጊዜ አንድ ትውልድ አንድ ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ በየወሩ ምድብ ይቀያይሩ።

መጠን አይቀንሱ። ዘረመሉን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ትል ሙሉ መጠን ሲያገኝ ሊሞት ይችላል፤ ግማሽ መጠን ግን ያተርፈዋል።

ትል ሳይታይ ደግሞ አይርጩ። ያልተረጨ ማሳ ላይ ያደጉ ደካሞቹ የእሳት ራቶች ከተራፊዎቹ ጋር ሲዳቀሉ ዘረመሉን ያሳሱታል። ይህ የሚሠራው ጎረቤት ከተስማማ ነው። አጎቴም ኩታ ገጠም ከሚያርሱት ጋር ቁጭ ብለው በየትኛው ወር የትኛው ምድብ እንደሚረጭ ተነጋገሩ።

የመጨረሻው ሥራ ማረስ ነው። ተራፊው ትል የሚተኛው ከላይኛው አፈር ውስጥ ነው። አጎቴ ሽምብራውን ጥር ላይ አንስተው በሳምንቱ መሬቱን ገለበጡት። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጣት ሲነካው ጭራውን የሚያወዛውዝ ነገር ከጓሉ መሃል ይወጣ ነበር። ወፎቹ ከበሬዎቹ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ለቀሙት።