ሲደርቅ አመድ የመሰለው ጥቁር ጀበና

ደሴ፣ በመስኮት ብርሃን የተሳለ ጀበና፣ ረከቦትና ሦስት ሲኒ። የዘይት ቀለሙ እርጥብ ሳለ ጀበናው ጥልቅ ጥቁር ነበር፤ ሲደርቅ ሆዱ ፈዞ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። አንገቱ ግን እንደነበረ ነው።

ጥፋቱ የቀለም ምርጫ አልነበረም። ሸራው ከመሳሌ በፊት የተቀባው አንድ እጅ የግድግዳ ቀለም ብቻ ስለነበር ዘይቱን መጠጠው፤ ሆዱን ደግሞ በተርፐንታይን ከልክ በላይ አቅጥኜዋለሁ። ዘይት ያጣ ጥቁር ብርሃኑን ስለሚበትን ግራጫ ይመስላል። ሌላ ጥቁር ቢደረብበት እሱም ይፈዛል።

ላዩ ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን ጠበቅሁ፤ በደሴ ብርድ ከሳምንት በላይ ወሰደ። የተልባ ዘይትና ተርፐንታይን እኩል ቀላቅዬ በጥጥ ጨርቅ ስስ አድርጌ ቀባሁት፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ። ጥቁሩ ወዲያው ተመለሰ። ትርፉ ካልተጠረገ ሲለጠፍ ይቆያል፣ ውሎ አድሮም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዶ መጣል እሳት ያስነሳል፤ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ።

ቀለሙን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው፦ ጥቁሩን ከ2 እጅ አልትራማሪን ሰማያዊና ከ1 እጅ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ ቀለም) ቀላቀልሁ። ረከቦቱን በሚያየው ጎን አምበሩን አበዛሁ፤ የእንጨቱ ቡናማ ሸክላው ላይ ያርፋልና። ሆዱ ላይ ያለችው የመስኮት ነጸብራቅም ነጭ አይደለችም። ከሲኒው ነጭ ጋር ስትነጻጸር ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ናት፤ ውብ የሚያደርጋትም ይኸው ነው።

ለሚቀጥለው ሸራ፦ ሁለት እጅ አክሪሊክ ጌሶ (ሸራው ዘይቱን እንዳይመጥ ከሥዕሉ በፊት የሚቀባ መሠረት)።